ግድግዳውን ከማሸግህ በፊት

ውድ ወንድሜ ታደሰ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከነቤተሰቤ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ያህል ዘመን ስንጠፋፋ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መመርመር አልፈልግም፤ ከጀመርነው አንጨርሰውም። አንተ ስልክህን ስትለውጥ አልነገርከኝም፣ እኔም ቤት ስቀይር አድራሻ አልላክሁልህም። ይቅር እንባባልና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እህቴ ሰሞኑን ስትደውል የእናትህን ቤት ልታድስ መነሣትህን ነገረችኝ። ደስ አለኝ። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጡቡን አንድ በአንድ እያንኳኩ ድምፁ ያላማራቸውን «ይህ አልበሰለም» ብለው ሲመልሱ አሁንም ይታዩኛል። ቀጥላ ግን «ከታች ያለውን እርጥበት ለማጥፋት ልስኑን አራግፎ በወፍራም ሲሚንቶ ሊለስነው፣ በላዩም ውኃ የማያሳልፍ ቀለም ሊቀባው ነው» አለችኝ። ናፍቆት ያላስጻፈኝን ደብዳቤ ሲሚንቶ አስጻፈኝ።

እኛ በለንደን የምንኖርበት ቤት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ነው። ግድግዳው እንደ ኋለኞቹ ቤቶች መሐሉ ክፍት የሆነ ድርብ ሳይሆን ወጥ ጡብ ነው፤ ውፍረቱ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጡቡ የተያያዘው በኖራና በአሸዋ ነው። የፖርትላንድ ሲሚንቶ እ.ኤ.አ. በ1824 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ቢያገኝም፣ ተራው ግንበኛ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ከኖራ አልተለየም። እንዲህ ያለው ግድግዳ ዝናብ ሲመጣ ውኃውን ይጠጣል፣ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ በኖራው በኩል መልሶ ይተፋዋል። ከእግሩ አጠገብ ደግሞ ውኃ ከመሬት እንዳይወጣ የሚያግድ ስስ ጥቁር ድንጋይ እንደ ቀበቶ ተነጥፎበታል። በእንግሊዝ ይህ አሠራር የተስፋፋው ከ1875ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ ወዲህ ነው።

የሳሎናችን ግድግዳ ከዞኮሎው በላይ ቀለሙ እየተነፋ፣ ነጭ ጨው እያወጣ፣ ምድር ቤት ምድር ቤት መሽተት ሲጀምር አንድ ድርጅት ጠራን። ምርመራው በነጻ ነው ተባልን። በነጻ የሚመረምር ሐኪም መድኃኒቱን የሚሸጠውም እሱ ከሆነ ምን እንደሚያዝ አንተም ታውቃለህ። ሰውየው ሁለት ሹል እግር ያለው ትንሽ መሣሪያ ግድግዳው ላይ ሰካ፤ መሣሪያው ጮኸ፤ ፍርዱ ተሰጠ፦ «ከመሬት የሚወጣ እርጥበት»። መፍትሔው በጡቦቹ መጋጠሚያ መስመር ላይ በየ12 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ መብሳት፣ ውኃ የሚገፋ ክሬም መሙላት፣ ከዚያም ውስጡን በማያሳልፍ ሲሚንቶ መለሰን ነበር።

ያ መሣሪያ በመሠረቱ ለእንጨት የተሠራ ነው። የሚለካው ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍ እንጂ ውኃውን ራሱን አይደለም፤ በአሮጌ ልስን ውስጥ የተከማቸ ጨውም ያስጮኸዋል። እውነቱን የሚፈልግ ሰው ከጡቡ ውስጥ በመሰርሰሪያ ዱቄት አውጥቶ፣ ከካልሲየም ካርባይድ ጋር በታሸገ ዕቃ ቀላቅሎ፣ በሚፈጠረው ጋዝ ግፊት ውኃውን ይለካል። ባለቤቴ ግን ከሁሉም በፊት «ወጥተን ውጭውን እንየው» አለች።

ውጭው ብዙ ተናገረ። ከእኛ በፊት የነበረ ሰው ግቢውን በኮንክሪት ሲያነጥፍ ከጥቁሩ ድንጋይ በላይ ከፍ አድርጎታል። መሬቱ ከዚያ ቀበቶ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ሲገባው ውኃው በላዩ ተሻግሮ ይገባ ነበር። የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ከጀርባው ተሰንጥቆ ጡቡ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። መጋጠሚያው ደግሞ በቅርቡ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ ስለዚህ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ጡቡን ራሱን ይልጠዋል።

ኮንክሪቱን ከግድግዳው ሥር ሰብረን ጠባብ ቦይ ቆፈርንና ጠጠር ሞላንበት። ቱቦውን ለወጥን። ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ቀስ ብለን አወጣን፤ በማሽን ቢሆን የጡቡ ጠርዝ ይበላል። በኖራ ደፈንን፣ የውስጡን ልስንም አራግፈን ጡቡን ራቁቱን አቆየነው። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረግ፣ በውኃ አትጠብ፤ ውኃው ጨውን መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከባዱ ሥራ መጠበቁ ነው። በዚህ አገር ግምቱ በወር 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይደርቃል ነው፤ የእኛ ዓይነቱ ግድግዳ የዓመት አብዛኛውን ይወስዳል ማለት ነው። ሳሎናችን እንደ ተተወ መጋዘን ሆኖ እንግዳ ስንቀበል ቆየን። ክሬሙን አትንካ እያልሁ አይደለም፤ ምንም ማገጃ የሌለው ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ምክንያት ሁሉ ከተወገደ በኋላ ቦታ አለው። መጀመሪያ ላይ ግን የለውም።

ይህ የነጭ አገር ነገር ነው እንዳትለኝ። የጎንደር ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲጠግኗቸው ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት አስገቡባቸው፤ ከዚያ በዩኔስኮ በተካሄደው የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥገና አብዛኛው ሲሚንቶ ወጥቶ በቦታው ኖራ ተመልሷል። ለነገሥታቱ ግንብ ያልበጀ ለእናትህ ቤት ይበጃል?

የእናንተን ቤት መጋጠሚያ በሚስማር ፋቅ አድርገህ እየው። ከተፈረፈረ በሲሚንቶ አትሸፍነው፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ሽቅብ ይሄዳል፣ ዛሬ ጉልበት ላይ ያለው እድፍ ወገብ ይደርሳል። ጠንካራ ሲሚንቶ ከሆነ ጻፍልኝ፣ ምክሬ ይለወጣል። ደግሞም ግድግዳው ላይ ፕላስቲክ ዙሪያውን አጣብቀህ ጥቂት ቀን ተወው። ጠሉ በክፍሉ በኩል ባለው ገጽ ላይ ከታየ ነገሩ የማብሰያ እንፋሎትና የተዘጋ መስኮት ነው፤ ከጀርባው ከሆነ ግድግዳው ነው። ከክረምት በፊት አሸንዳውን አስተካክልና የጓሮውን ቧንቧ ውኃ ከግድግዳው አርቅ፤ ያ ቧንቧ ድሮም ያንጠባጥብ ነበር። ልስኑን መስከረም ሲጠባ አራግፍ፣ በጋው ያድርቀው።

ሲሚንቶውን ገዝተህ ከሆነ አትመልሰው፤ እናትህ በክረምት ጭቃ እንዳይረግጡ ከበር እስከ ወጥ ቤት መተላለፊያ አድርግበት፣ ከግድግዳው ግን ራቅ ይበል። የቧንቧውን ማዕዘን ፎቶግራፍ ላክልኝ፣ የልጆችህንም አብረህ። ለእማማ በላይነሽ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በልልኝ።

ወንድምህ
ጌታቸው