ለአባባ፤ ቼናይ ሲመጡ የሚቀመሰውና የማይቀመሰው

ቼናይ፣ ሕንድ፣ ጥቅምት መጨረሻ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ፈተናውን ጨርሷል፤ ትንሿ ብስክሌት ጀምራ ጉልበቷ አንድ ቀን ሳይላጥ አይመሽም። አያታችን ለልብ ቀዶ ሕክምናው ሲመጡ ምን እናበላቸዋለን እያሉ ሁለቱም ዝርዝር ይዘዋል። የእነሱ ዝርዝር አይስክሬም ስለሚበዛበት እኔ የራሴን ልጻፍልዎ።

እህቴ እንደነገረችኝ ሻንጣውን በሽሮና በቋንጣ እየሞሉት ነው። ሽሮው ይምጣ። ቋንጣውን ግን ይተውት፤ ሥጋ ነክ ነገር ጉምሩክ ላይ ጣጣ ያመጣል፣ ጨውም ለግፊትዎ አይሆንም፣ ደግሞ የሚገቡት በነቢያት ጾም ነው። «የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል» ቢሉኝም እርስዎን አውቅዎታለሁ። ስለዚህ የምጽፍልዎ ጾመኛ አድርጌ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እዚህ «ቬጅ» የሚል ጽሑፍ ወይም እሽግ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለውም ማለት እንጂ የጾም ነው ማለት አይደለም። ወተቱም እርጎውም ቅቤውም ያው «ቬጅ» ነው። ቅቤ አታድርግ ለማለት «ኔይ ቬንዳም»፣ ወተት አልፈልግም ለማለት «ፓል ቬንዳም»፣ በርበሬ ቀንስ ለማለት «ካራም ካሚ»፣ ጨው ቀንስ ለማለት «ኡፑ ካሚ» ይበሉ። ካልሰሙዎት ሁለተኛ ጊዜ ይበሉት፤ ብዙዎቹ ለሽማግሌ እንግዳ ቅቤ ማብዛትን እንደ ማክበር ያዩታል።

ሁለተኛ፣ የመንገድ መክሰስ ሲፈልጉ የትኛው ሕዝብ የት ሰፈር እንደሰፈረ ይጠይቁ። ማይላፖር የአገሬው ሰዎች የታሚሎቹ ነው። ሶውካርፔት ከራጃስታንና ከጉጅራት የመጡት ነጋዴዎች፣ የቢች ባቡር ጣቢያ አካባቢ ደግሞ ከበርማ የተመለሱት ታሚሎች ናቸው። የኬረላ ሰዎች ሻይ ቤት በየጥጉ አለ። የአራቱንም አገር ምግብ በአንድ ጋሪ የሚሸጥ ሰው ካዩ ይለፉት፤ አንዱም አይሆንለትም።

ሰንዳልን ላስቀድም። ማሪና የባሕር ዳርቻ ላይ ከአሥር ሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ዕቃ ይዘው የሚዞሩት ነው። ደረቅ አተር ወይም ሽምብራ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል። ለአንድ ብርጭቆ አተር ሦስት ብርጭቆ ውሃ ሆኖ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርጥ፣ ልጣጩ ግን ሳይለቅ ይቀቀላል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ውሃው በደንብ ይጠልላል፤ እርጥብ ሆኖ ከቀረ ይላቁጥና ቶሎ ይሻግታል። ከዚያ ሁለት ማንኪያ ዘይት ግሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ፍሬ ይጣልበታል። ፍሬው መንጣጣቱን ሲጨርስ አንድ ደረቅ ቃሪያ፣ ጥቂት የካሪ ቅጠልና ፔሩንጋያም የሚሉት ሽታው የሚከብድ የሙጫ ዱቄት በጣት ጫፍ ይገባል። አተሩ አብሮ ከታመሰ በኋላ ከእሳት ወርዶ የተፈቀፈቀ ኮኮናትና በደቃቁ የተከተፈ ጥሬ ማንጎ ይጨመርበታል። እሳት ላይ እያለ ከጨመሩት ኮኮናቱ ዘይት ይለቃል፣ ማንጎውም ይልማል። አንዲት ጠብታ ቅቤ የለበትም፤ ለእርስዎ ከዚህ የተሻለ የጾም መክሰስ እዚህ አላውቅም።

ችግሩ ኮኮናቱ ነው። በዚህ ወበቅ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆይም። ሲያነሡት እንደ ክር የሚሳብ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ያለው ከሆነ ከፍለውም ቢሆን ይጣሉት። ኅዳር ደግሞ እዚህ የክረምቱ ዋና ወር ነው፤ ከባሕሩ የሚመጣው ዝናብ ሲወርድ ሻጮቹም ይበተናሉ። ስለዚህ መጀመሪያ እቤት እሠራልዎታለሁ፤ ማሪናው ሲያባራ ይደርሳል።

እዚያው ዳር ላይ ባጂ ይጠበሳል። ረጅሙን የማያቃጥል ቃሪያ ሰንጥቀው የሽምብራ ዱቄት ሊጥ ያለብሱታል። ለአንድ ብርጭቆ የሽምብራ ዱቄት ሁለት ማንኪያ የሩዝ ዱቄት ለመንኮሽኮሹ፣ ነጭ አዝሙድ ሆድ እንዳይነፋ፣ ቤኪንግ ሶዳ በጣት ጫፍ። ሶዳው ከበዛ ባጂው ዘይቱን ይጠጣል፤ ዘይቱ ሳይግል ከገባም እንዲሁ። ጥሩ ጠባሽ የሚታወቀው መጥበሻው ነው። ዘይቱ ጠቁሮ፣ አረፋው ባጂው ከወጣ በኋላም የማይጠፋ ከሆነ፣ ጭሱም ጉሮሮ የሚይዝ ከሆነ ዘይቱ ተመላልሶበታል ማለት ነው። በጋዜጣም አይቀበሉ። የሕንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ምግብ በጋዜጣ መጠቅለልን ከልክሏል፤ ቀለሙ በትኩስ ዘይት ይለቃልና። የሙዝ ቅጠል ወይም ሳህን ይጠይቁ። ከዳኑ በኋላም አንድ ብቻ፣ አባባ። ሁለተኛውን ለልጆቹ ይስጡ።

ለጠዋት ማይላፖር ነው። ከካፓሊሽዋራር ቤተ መቅደስ ብዙም ሳይርቅ ጃናል ካዳይ የሚሉት አለ፤ ምግቡ ከአንድ መኖሪያ ቤት መስኮት ነው የሚወጣው፣ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ይበላል። ኢድሊን እዚያ ወይም በዙሪያው ይቅመሱ። አራት እጅ ሩዝ፣ አንድ እጅ ኡራድ የሚሉት የማሾ ዘመድ ጥራጥሬ፣ ትንሽ አብሽ፤ ለየብቻ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ ሌሊቱን ሲቦካ ያድርና አሥር ደቂቃ ያህል በእንፋሎት ይበስላል። ቡኮው ኩፍ የሚልበትና የሚያልፍበት ሰዓት እንደ እንጀራ ነው፤ እርስዎ በሽታው ብቻ ያውቁታል። ኢድሊ በትኩስ እንፋሎት የሚወጣ፣ ዘይት የሌለው፣ ለሆድ የማይከብድ ስለሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከመንገድ የምፈቅድልዎ እሱን ብቻ ነው። ነጩን የኮኮናት ማጣፈጫ ይተዉት። ፖዲ የሚሉትን የተቆላ የጥራጥሬና የበርበሬ ዱቄት በሰሊጥ ዘይት ለውሰው ይስጥዎ፤ ዝም ካሉት በቅቤ ሊለውሰው ይችላል። ሳምባር የሚሉትን የጥራጥሬ ወጥም ይጠይቁ፤ አንዳንዱ በቅቤ ነው የሚያቁላላው።

«ብቻ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከያዘዎ ቀኑ ይገፋል፤ ቀኑ ከተገፋ የክፍሉም የቪዛውም ወጪ ይጨምራል። ውሃ የታሸገ ብቻ፣ ክዳኑ ሲከፈት ድምፅ የሚያሰማ። በረዶ የለም። ፓኒ ፑሪ ጨርሶ የለም፤ ቂጣው ደህና ነው፣ የሚሞላበት ውሃ ነው ጠላትዎ።

ከዳኑ በኋላ ሌላ ዓለም ነው። ቢች ጣቢያ ፊት ለፊት ማታ ማታ «አቶ» የሚባል የበርማ ምግብ ይሸጣል። በ1962 በበርማ ጄኔራሎቹ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ብዙ ታሚሎች ንብረታቸውን ጥለው በመርከብ ወደዚህ ተመለሱ፤ በርማ ባዛር የሚባለው ገበያም የእነሱ ነው። አቶ ወፍራም ብርቱካንማ ኑድል ነው። ጥሬ ጎመን፣ የተጠበሰ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የሁመር ውሃ፣ የደረቀ ቃሪያ ፍርካሽና የተሰባበረ የሊጥ ጥብስ ይገባበታል፤ በእጅ ነው የሚታሸው። አጠገቡ የሙዝ ግንድ ሾርባ ይቀርባል። በጾም ቀን አብሮት የሚሰጡትን እንቁላል ያስቀሩ። በእጅ መታሸቱን አይተው ፊትዎን እንደሚያጨፈግጉ አውቃለሁ፤ ግን ጣዕሙ ከዚያው ነው፣ በሹካ የሚያማስሉት ጋ ቀምሻለሁ፣ ሁመሩ ኑድሉ ውስጥ አይገባም። ጓንት የሚያደርጉም አሉ፤ እነሱ ጋ እንሄዳለን።

ሶውካርፔት ለገና ይቆይ። ሚንት ጎዳና ላይ ሙሩኩ ሳንድዊች አለ፤ በዳቦ ፋንታ ሁለት ክብ የሩዝ ጥብስ፣ በመካከሉ ኪያር፣ ቲማቲም፣ የድንብላል ቅጠል ማጣፈጫና አይብ። ጨው ይበዛበታል፣ ደግሞ ደረቅ ነው። እዚያው ጎዳና ካካዳ ራምፕራሳድ የሚባል ሱቅ ጋ ጃሌቢ የሚሉትን ትኩስ ጣፋጭ ያገኛሉ። መንገዱ ጠባብ፣ ሞተሩ ብዙ ነው፤ ደረትዎ ሳይጠግግ አንድ ሰው ቢገፋዎ አልወድም።

ከኬረላዎቹ ሻይ ቤት ደግሞ ፓዛም ፖሪ። ትልቁ የኔንድራን ሙዝ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ሲያወጣ በርዝመቱ ይቆረጥና በስንዴ ዱቄት፣ በእርድና በትንሽ ስኳር ሊጥ ተነክሮ ይጠበሳል። ሙዙ ካልበሰለ ኮምጠጥ ይላል፤ መብሰሉ ካለፈ ሊጡን እየለቀቀ ዘይቱ ውስጥ ይፈርሳል። እነዚያ የሒሳብ አስተማሪዎ ለበዓል ያመጡት ነበር የሚሉት ይኸው ይመስለኛል። የኬረላ ሰው እንደነበሩ ነግረውናል።

እማዬ ሙዝ ከሆነ ትወደው ነበር። 

አባባ፣ ይህን ለመጻፍ አልተነሣሁም። ግን የእሷ የሪፈር ወረቀት ላይ የተጻፈው ከተማም ይኸው ነበር። ወረቀቱ መሳቢያው ውስጥ ምን ያህል እንደተቀመጠ እርስዎም እኔም እናውቃለን። «የሰው አገር አፈር አትለብስም» አሉ፤ ማንም መልስ አልሰጠዎም፤ እኔም አልሰጠሁም። አሁን እርስዎ ራስዎ እሺ ሲሉ ደስ ያለኝን ያህል ለምን ያኔ አልሆነም የሚለው አብሮ መጣብኝ። እሁድ በስልክ «ቢከፋ ሬሳ እንዴት ነው የሚመለሰው?» ሲሉኝ ስለ ሰንዳል ማውራት የጀመርኩት ለዚህ ነው። ይቻላል። ኤምባሲውም አየር መንገዱም የየራሳቸው ወረቀት አላቸው፤ የሚጨርሰው እኔ ነኝ፤ እርስዎ እንደገና እንዳያነሡብኝ። ሐኪሙ የነገሩኝን ደግሞ ሲመጡ እራሳቸው ይንገሩዎ።

ወደ ምግቡ ልመለስ። የልብዎ ክዳን ሲቀየር የብረት ወይስ የእንስሳ ብለው ይጠይቁዎታል። ሐኪሙ ያዘነበሉት በዕድሜዎ ምክንያት ወደ እንስሳው ነው፤ ብረቱ ከሆነ ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልክ ይዋጣል። በእንስሳውም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያህል ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ሊያዙልዎ ይችላሉ። ያኔ ጉዳዩ ቅጠል ነው። ኪራይ ቫዳይ የሚባለው የቅጠል ጥብስ፣ የቤትዎም ጎመን፣ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። ይከልከል አይደለም። አንድ ሳምንት ጎመን በጎመን ሆነው በሚቀጥለው ምንም ካልበሉ ነው የደሙ ምርመራ የሚዘበራረቀው። በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ይሁን።

ቡናውን አስቀድሜ ልንገርዎና አይቆጡ፦ እዚህ ቺኮሪ የሚባል ሥር ቆልተው ይቀላቅሉበታል፣ በወተት ነው የሚጠጣው፣ ከብረት ኩባያ ወደ ብረት ሳህን ከፍ አድርገው እየቀዱ ያበርዱታል። ለጾም አይሆንም፣ ለእርስዎም አይጥምም። የቤት ቡና ይዘው ይምጡ፤ ያልተቆላውን ሳይሆን የተቆላውን።

ገንዘብ፦ ጋሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው የሚቀበሉት፣ የእርስዎ ስልክ ግን እዚህ ባንክ የለውም፤ አሥርና ሃያ ሩፒ ዘርዝሬ ኪስዎ ውስጥ አስቀምጥልዎታለሁ። አምስት መቶ ሲሰጧቸው መልስ የለኝም ይላሉ። ባለሦስት እግሩ ታክሲ ላይ ሳይወጡ ዋጋውን እኔ እነጋገራለሁ።

መድኃኒቶቹ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ፣ ከነማዘዣቸው። የልብ አልትራሳውንዱን በወረቀት ብቻ ሳይሆን በሲዲም ይጠይቁ።

አንድ ነገር ቀረ፦ ጥርስዎ። ከቀኝ በኩል ያለውን መንጋጋ «ይቆየኝ» እያሉ መቼም አያሳዩትም። የተበላሸ ጥርስ ካለ ጀርሙ በደም አልፎ አዲሱ ክዳን ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ስለዚህ ጥርስ ሐኪም ሳያይ ቀዶ ሕክምናው አይጀመርም። የሚነቀል ካለ እዚያው ይነቀልና ቁስሉ ድኖ ይምጡ። እህቴ የቀጠሮውን ወረቀት ፎቶ አንሥታ ሐሙስ ትላክልኝ። ቀጠሮ ያዝኩ ብለው ብቻ ቢነግሩኝ አላምንም።

ልጅዎ