ስሟ ያልተጻፈላት እንግዳ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር፣ ሌሊት ታክሲ ስነዳ የሙት መንፈስ ይታይበታል በሚባል አሮጌ መጠጥ ቤት ደጃፍ እንደማልፍ ብነግርዎ ደንግጠው «ምነው በሌላ መንገድ ብትሄድ» አሉኝ። መስመሩ ስለተቋረጠ ነገሩን ሳልጨርስልዎ ቀረሁ፤ ሐሳብ እንዳይገባዎ ብዬ ይኸው ከመጀመሪያው ልጽፍልዎ ተቀምጫለሁ። ዘመኑን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የምኖርባት ከተማ አሌክሳንድሪያ ትባላለች። ጳጳሳት ይላኩልን ከነበረባት ከእስክንድርያ ጋር ስሟ አንድ ይሁን እንጂ ይህችኛዋ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለች የጥንት ወደብ ናት። ያ የነገርኩዎ መጠጥ ቤት ጋድስቢ ይባላል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የጡብ ሕንፃዎች ሲሆን፣ ትንሹ በ1785 ገደማ፣ ትልቁ በ1792 ተሠሩ፤ መንገደኛ የሚያድርበት፣ የሚበላበትና የሚጠጣበት፣ የከተማው ሹማምንትም የሚሰበሰቡበት ስፍራ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1798 እና በ1799 ለልደቱ ክብር በተደረገው ጭፈራ ላይ የተገኘው እዚህ ነው። ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ነው፤ ምግብ ቤትም አለው።

ነገሩ የተፈጸመው በ1816 ነው። እንደሚተረከው፣ ከካሪቢያን ደሴቶች በኩል በመጣች መርከብ አንዲት ወጣት ሴት በጠና ታማ ከባሏ ጋር ወረደች፤ በዚህ ቤትም 8 ቁጥር ክፍል ተሰጣቸው። ባልየው ሐኪሙንና አስታማሚዎቹን የሚስቱን ማንነት ለማንም እንዳይናገሩ አስምሎ አስታመማት፤ እነርሱም መሐላቸውን ጠበቁ። ሴቲቱ ኦክቶበር 14 ቀን ዐረፈች። ባልየው አስቀብሯት፣ መቃብሯ ላይ ድንጋይ አኑሮ፣ ዕዳውን ሳይከፍል ጠፋ ይላሉ። ቤቱን የሚያስጎበኙት ሰዎች ቤቱ በስሙ የተጠራለትን ሰውዬ በዚያን ጊዜ ቤቱን ያስተዳድር እንደነበር አድርገው ሲናገሩ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ ጆን ጋድስቢ ግን ቤቱን ያስተዳደረው ከ1796 እስከ 1808 ስለሆነ በዚያን ጊዜ እዚያ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያወራው ይህን ነው። ማታ በ8 ቁጥር ክፍል መስኮት ሻማ የያዘች ሴት ትታያለች። አንድ ጊዜ ደግሞ በአዳራሹ ጭፈራ ሲደረግ፣ በጥንት ልብስ ያጌጠች ሴት አይቶ የተከተላት እንግዳ ከዚያ ክፍል ሲደርስ ሴቲቱን አጣ፤ አልጋው አጠገብ ግን በፋኖስ ውስጥ ሻማ ይነድ ነበር። ሰው ጠርቶ ሲመለስ ሻማው ጠፍቶ፣ ክሩም ጨርሶ እሳት ያልነካው ሆኖ አገኙት ይባላል። የዋናው አዳራሽ የእንጨት ሥራ በ1917 ለኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተሽጦ ስለሄደ፣ አሁን በቦታው ያለው በአምሳያው የተሠራ ነው። እኔ በዚያ በር ስንት ሌሊት ሳልፍ ከመንገዱ መብራት በቀር ያየሁት የለም፤ ስለዚህ ስለ እኔ አይስጉ።

ማንነቷን ለማወቅ ያልተባለ ነገር የለም። ብዙዎች የሚወዱት፣ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው የአሮን በር ልጅ ቴዎዶሲያ ናት የሚለውን ነው፤ እርሷ በ1812 መጨረሻ በመርከብ ተሳፍራ በባሕር ላይ ጠፍታ ቀርታለችና። እኔ ግን አልቀበለውም። ቴዎዶሲያ የተወለደችው በ1783 ስለሆነ በ1816 ብትኖር 33 ዓመት ይሆናት ነበር፤ በድንጋዩ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ግን 23 ዓመት ከ8 ወር ነው።

ድንጋዩን እኔው ራሴ ሄጄ አይቼዋለሁ። በቅዱስ ጳውሎስ መካነ መቃብር፣ በአጫጭር እግሮች ላይ እንደ ገበታ የተጋደመ ሰሌዳ ነው። ስም በሚጻፍበት ቦታ «ለአንዲት እንግዳ ሴት መታሰቢያ» ይላል፤ የመጨረሻ ትንፋሽዋን በእቅፉ የተነፈሰችለት ሐዘንተኛ ባሏ እንዳኖረውም ይናገራል። ከዚያም የማን ዘመድ፣ የማን ልጅ እንደነበርሽ አሁን አይጠቅምሽም፣ የቀረው አፈርሽ ብቻ ነው የሚል ግጥም አለ። ከሥሩ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 43 ተጽፏል፤ በእርሱ የሚያምን ሁሉ በስሙ የኃጢአት ስርየት እንደሚያገኝ ነቢያት ይመሰክራሉ የሚለው። «በስሙ» የሚለውን እዚያ ሳነብ የእርሷ ስም ከላይ አለመኖሩ እንዴት እንደከበደኝ ልነግርዎ አልችልም።

አባቴ፣ መንፈሷ ያስፈራል የሚሉትን ስሰማ አዝናለሁ። ከመርከብ ወርዳ፣ አገሩን ሳታውቀው፣ በማደሪያ ቤት አልጋ ላይ የሞተች ልጅ ናት፤ እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ከማንም በላይ የምንፈራው ይህንኑ አሟሟት ነው። እድር ያቋቋምነውም ስለዚህ ነው። በዚያው ቤት ውኃ የሚቀዱት፣ የሚያበስሉትና አልጋ የሚያነጥፉት ባሪያዎች ነበሩ፤ ምናልባት ትኩሳቷን ያበረዱላት እነርሱ ናቸው፤ ተራኪዎቹ ግን ስለ ሻማው ሲናገሩ ስለ እነርሱ አንድ ቃል አያነሡም።

ያረፈችበትን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ብመልሰው ጥቅምት 5 ቀን 1809 ዓመተ ምሕረት፣ የአቦ ዕለት ሆኖ አገኘሁት። ልጅ ሳለሁ ፍትሐት ለማድረስ ሲነሡ በቅድሚያ «ስመ ክርስትናዋ ማነው?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር አስታውሳለሁ። ዘንድሮ በዚያ ቀን ጧፍ ይዤ ወደ መቃብሯ ልሄድ አስቤአለሁ። ምን ብዬ እንደምጠራት በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ይጻፉልኝ።

እማዬንና መላው ቤተሰቡን በእግዚአብሔር ሰላምታ ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ከአሌክሳንድሪያ