ላይሰንስ ሳትይዙ ሥራ አትዋዋሉ

ውድ አባላት፣

ካሊፎርኒያ ውስጥ በቀለም፣ በቧንቧም ሆነ በኤሌክትሪክ ሥራ የተሰማራችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ያለ ኮንትራክተር ላይሰንስ (የሥራ ተቋራጭነት ፈቃድ) የሚፈቀደው የእጅም የዕቃም ዋጋ ተደምሮ ከ1,000 ዶላር በታች የሆነ ሥራ ብቻ ነው፤ ያውም ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) የማይጠይቅና ሰው ቀጥራችሁ የማታሠሩበት ከሆነ። አንዱን ሥራ በሁለት ደረሰኝ መከፋፈል አያድንም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የክፍያው ነገር ነው። ላይሰንስ የሚያስፈልገውን ሥራ ያለ ላይሰንስ የሠራ ሰው አሳምሮ ቢጨርስም፣ ባለቤቱ «አልከፍልም» ቢለው ከስሶ ማስከፈል አይችልም፤ የተቀበለውንም መልስ ሊባል ይችላል። የላባችሁ ዋጋ እንዲህ ሲቀር ማየት ያማል።

ለላይሰንሱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የ4 ዓመት የሙያ ልምድ ይጠየቃል። ስለዚህ አብራችሁት የሠራችሁት ኮንትራክተር እንዲመሰክርላችሁ ከአሁኑ አነጋግሩት።