እኔ ጋ የረሳሻት ሌንስ

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ድንገት ብቅ ስል ምን እንደምትይ አውቃለሁ። ስደቢኝ፣ ይገባኛል። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ። ከዚያ ስለዘገየሁ አፈርኩ። ማፈሩ ደግሞ ስንት ወር በላ! ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዛሬ ያስጻፈችኝ ሌንስሽ ናት። ያቺ እኔ ጋ ረስተሻት የሄድሽው አሮጌ 50 ሚሊሜትር። መሳቢያ ውስጥ አገኘኋትና ገልብጬ፣ የፊቷን አፍ ወደ ካሜራው አዙሬ፣ በማገናኛ ቀለበት ገጠምኳት። ሌንስ ሲገለበጥ ትንሹን ነገር ከቅርብ አጉልቶ ያሳያል። የጉንዳን አንቴና መታጠፊያው ሳይቀር ይታይሻል። የአዲሶቹ ሌንሶች አፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ የሚታዘዘው ከካሜራው ስለሆነ፣ ሲገለበጡ ትእዛዙ ይቋረጥባቸዋል። ያንቺ ግን በጣት የሚዞር ቀለበት አላት። እርጅናዋ ጠቀመኝ።

ፈተናው ፎከስ ነው። በዚህ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የዝንቧ ዓይን ሲጠራ ክንፏ ጉም ይሆናል። ስተነፍስ እንኳ ፎከሱ ያመልጠኛል። አፐርቸሩን ሳጠበው ትንሽ ይሻላል፤ ግን በመመልከቻው የማየው ይጨልማል፣ ከልክ በላይ ከጠበበ ደግሞ ምስሉ በሙሉ ይፈዛል። ስለዚህ ፍላሹን በነጭ ወረቀት ሸፍኜ ብርሃኑን አለሰልሳለሁ። ከዚያ ራሴ ቀስ እያልኩ ወደፊትና ወደኋላ እወዛወዛለሁ፤ ልክ ሲመጣ ጠቅ! ከ100 ፎቶ ሦስቱ ከተረፉ ቀኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስታፔሊያ የምትባል ተክል አለችኝ። ቁልቋል ትመስላለች፣ ግን አይደለችም። ቡቃያዋ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሰነበተና አንድ ጠዋት ተከፈተ። አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ቀለሙ የጥሬ ሥጋ፣ ዳር ዳሩ ፀጉራም። ይሸታል አልልሽም፣ ይገማል! የሞተ እንስሳ ይመስላል። አበባዋም የምትፈልገው ይህንኑ ነው፤ ዝንብ ሥጋ አገኘሁ ብላ እንድትመጣ።

መጣችም። አጠገቧ ተንበርክኬ ስጠብቅ አበባው መሃል ገብታ ዕንቁላሏን ደረደረች፤ ነጫጭ፣ ቀጫጭን። አሳዘነችኝ። ትሎቹ ሲፈለፈሉ የሚበሉት የለም፣ ይሞታሉ። ማታ ፎቶዎቹን ከፍቼ ሳጎላ ግን ሳነሳ ያላየሁትን አየሁ። የዝንቧ አፍ ላይ ሁለት ቢጫ ነጥቦች ጥንድ ሆነው ተንጠልጥለዋል። የአበባ ዱቄት ነው! የዚህች ተክል ዱቄት አይበተንም፤ በጥንድ ከረጢት ታሽጎ ይቀመጥና የነካውን ዝንብ ቆንጥጦ ይይዛል። እሷም ሳታውቀው ለሌላ አበባ ታደርሰዋለች። ወንበሬ ላይ ብቻዬን ጮህኩ። መጀመሪያ ማሳየት የፈለግሁት ላንቺ ነበር፣ ከዚያ ሁለት ዓመት እንዳልጻፍኩልሽ ትዝ አለኝ።

ሌሎችም አሉኝ። ነጭ አበባ ላይ ነጭ ሆና የምታደባ፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን የምትሄድ ሸረሪት አግኝቻለሁ። ዘመዶቿ በቀናት ውስጥ ከነጭ ወደ ቢጫ የሚለወጡ አሉ። የኔዋ አልተለወጠችልኝም፣ ወይ እኔ ትዕግሥት አጣሁ።

አንዳንዶች ነፍሳቱን ፍሪጅ ከትተው አደንዝዘው ያነሷቸዋል። አልወደውም። ማልዶ መነሳት ይበቃል። ጎህ ሲቀድ ብርዱ ያፈዛቸዋል፣ ጤዛ ለብሰው ፀሐይ ይጠብቃሉ። አዎ፣ እኔ! ረፋድ ላይ ቀስቅሰሽ የማታስነሺኝ ሰው አሁን ከወፍ ቀድሜ እነሳለሁ።

ሌንሷን ልላክልሽ ብዬ ጠቅልያት ነበር። ከዚያ ፈታኋት። እውነቱን ልንገርሽ፣ በፖስታ አልልካትም። የራስሽ ናት፣ መጥተሽ ውሰጂ። ተክሏ ላይ ሌላ ቡቃያ እየተነፋ ነው፣ በቅርቡ ይከፈታል። አፍንጫሽን የምትይዢበት ነገር ይዘሽ ነይ።

ያንቺው፣
ያ ጠፊ