ሶፍትዌሩ ያሳለፈው እንጨት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ተማሪዎች ኩረጃ የሚጻፈውን ሁሉ አነባለሁ። ሁሌም ጥፋተኛው ተማሪው ብቻ ነው። እስቲ እኔም ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ የማየውን ልናገር።

አዳማ ውስጥ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ድሮ የታሪክ መምህርት ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ቤቴ መቆሚያ የለውም፤ አርኪቴክቸር በሉት፣ ታሪክ በሉት፣ ቱሪዝም በሉት። «ማዘር፣ እቺን ፓራፍሬዝ አድርጊልኝ» ይሉኛል። ለእነሱ ፓራፍሬዝ ማለት የኩረጃ መለያው ሶፍትዌር ፐርሰንት እንዳይጨምር ቃላቱን መቀያየር ነው። ነገሩ ይግባቸው አይግባቸው ጠያቂ የለም።

በቅርቡ አንዱ ስለ ላሊበላ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጥናት ይዞ መጣ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻ ግማሽ አንቀጽ ይሆናል። ግሱን ለማግኘት ጣት አስይዞ ያስኬዳል። (ፈረንጆቹም ቢሆኑ ማን ምን እንደሠራ ደብቀው መጻፍ ይወዳሉ።) ሐሳቡ ግን ይህን ያህል አይከብድም። የቤተ አማኑኤል ግድግዳ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው፤ ሲጠረብ ግን በአክሱም ዘመን እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ ይሠራ የነበረውን ግንብ እንዲመስል ተደርጓል ነው የሚለው። ልጁ «ቤተ አማኑኤል በእንጨትና በድንጋይ ተገነባ» ብሎ ቁጭ አድርጎታል። ሰዋስው ላይ እንከን የለውም። ሶፍትዌሩም አሳልፎታል።

ወረቀት ሰጠሁትና «በል ግድግዳውን ሳልልኝ» አልኩት። ሁለት መስመር አሰመረና ቆመ።

«እንጨቱ የት ጋ ነው የሚገባው?»

«እሱን አይደል እንዴ የምጠይቅህ!»

ደብረ ዳሞና ይምርሐነ ክርስቶስ የሚባሉት የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ላይ እንጨቱ የእውነት እንጨት ነው። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ግንብ እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል። ቤተ አማኑኤል ላይ ግን ወደ ላይ የሚወጣ ነገር የለም። ጠራቢዎቹ ከአናቱ ጀምረው ወደ ታች ነው የወረዱት። አንዱን ረድፍ ወጣ፣ ቀጣዩን ገባ እያደረጉ አለቱን ራሱን ቀረጹት። ይህንን እያወራን ሲስል ቆየና «እንዴ፣ ድንጋዩ እኮ እንጨት መስሎ ነው የተሠራው!» አለ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ዓረፍተ ነገር አጭር ነበር። የራሱም ነበር።

ሌላው የሚያናድደኝ «ሳይሆን አይቀርም» የምትለዋ ነገር መንገድ ላይ መቅረቷ ነው። በትውፊቱ 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ናቸው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ደግሞ የተወሰኑት ከንጉሡ በፊት ተጀምረው በተለያየ ጊዜ ሳይፈለፈሉ አልቀሩም ይላሉ። ይህንንም ሲጽፉ ተጠንቅቀው ነው። ተማሪው ጋ ሲደርስ «ተረጋግጧል» ይሆናል። ሰውዬውን ያላለውን ማስባል ከኩረጃ በምን ይሻላል?

የዓመተ ምሕረቱን ነገርማ አታንሱት። አንዲት ተማሪ በጣሊያን ዘመን ስለተሠሩ ቤቶች ስታጠና 1936 የሚለውን ከእንግሊዝኛው እንዳለ አንሥታ አማርኛ መጠይቋ ላይ አሰፈረችው። ያነጋገረቻቸው አዛውንት «በ36 ጣሊያን የት ነበርና? ጃንሆይ ከተመለሱ እኮ ሦስት ዓመታቸው ነው!» ብለው ሳቁባት። እሳቸው ልክ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ጣሊያን የገባው በ1928፣ የወጣው በ1933 ነው።

እንግዲህ አማካሪ መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፐርሰንቱን ከማየታችሁ በፊት ልጁን «ይህ አንቀጽ ምን ይላል?» በሉት። በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በሚቀናው ቋንቋ በቃሉ ያስረዳችሁ። እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጊዜ የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ አንድ ሰው ስንቱን ተማሪ ተሸክሞ ይችላል? እኔም ሁሉንም ገጽ አላልኩም። ከሊትሬቸር ሪቪው፣ ማለትም የሌሎች ጥናት ከሚቃኝበት ክፍል መሀል እንደመጣ አንድ አንቀጽ ማውጣት ይበቃል። ስለ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ አስሉት።

እኔ በበኩሌ ፓራፍሬዝ የሚባል ሥራ መቀበል ትቻለሁ። ደንበኛ አጥቼበታለሁ፣ አልዋሽም። ገብቶት መጻፍ የሚፈልግ ግን ከሰዓት በኋላ ወረፋው ቀለል ሲል ይምጣ። ለማስረዳት አላስከፍልም፤ ፕሪንቱ ግን በገጽ ነው።

የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ከአዳማ