የማቪስባንክን ግንብ የሎንሄድ ልጆች ይጠግኑት

ለስኮትላንድ የቅርስ ጥበቃ ተቋም (ሂስቶሪክ ኢንቫይሮንመንት ስኮትላንድ) ኃላፊዎች
ኤድንብራ

ጤና ይስጥልኝ።

ኤድንብራ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ማቪስባንክ ነው፤ ከከተማው በስተደቡብ፣ ሎንሄድ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ስላለው በእሳት ስለተጎዳው ቤት።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ከመግቢያው በላይ፣ በሦስት ማዕዘኑ ግንባር ላይ የተጠረበው ጌጥ አሁንም ያምራል። መስኮቶቹ ግን ባዶ ናቸው። በአንዱ መስኮት ሳይ የታየኝ ክፍል አልነበረም፣ ሰማይ ነበር። ሆዴን ባር ባር አለው።

ቤቱን በ1720ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቆሙት ባለቤቱ ሰር ጆን ክለርክና አርክቴክቱ ዊልያም አዳም ናቸው። መሀል ላይ ዋናው ቤት፣ ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ ክንድ ታጥፈው የሚወጡ ግንቦች አሉት። በ1973 እሳት በላውና ጣሪያውም ወለሉም ሄደ።

የክለርክ ቤተሰብ ሎንሄድ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ነበሩት። ስለዚህ ይህ ቤት የጌቶች ብቻ ታሪክ አይመስለኝም። ከመሬት በታች ጎንበስ ብለው የቆፈሩትም ሰዎች ታሪክ ነው። በአካባቢው የነበረው ትልቁ ጉድጓድ ቢልስተን ግሌን በ1989 ተዘግቷል።

በ2024 ላንድማርክ ትረስት ለተባለው፣ የቆዩ ቤቶችን ለሚያድን የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ለዕድሳቱ 5.3 ሚሊዮን ፓውንድ እንደተሰጠው ስሰማ እልል ማለት ነው የቀረኝ። አሁን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሥራው ለሎንሄድ ወጣቶች ትምህርት ቤት ይሁን። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በእናንተ እጅ ነው። ስተርሊንግ ላይም የቆየ የግንባታ ሙያ የምታስተምሩበት ኤንጅን ሼድ አላችሁ። ሁለቱን አገናኙልን።

እኔ ያደግሁት ጎንደር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፋሲል ግቢን በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠግኖት ነበር፤ ኋላ ያንን አንስቶ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። ምክንያቱን ግንበኞቻችሁ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ኖራ ግድግዳው የጠጣውን ውሃ መልሶ ያስተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ከዚያ ያ የእናንተ አገር ክረምት ይመጣል፣ ውሃው በረዶ ይሆናል፣ የድንጋዩም ፊት እየተላጠ ይረግፋል። ይህ በመጽሐፍ ብቻ የሚያዝ ሙያ አይደለም። ኖራው መቼ እንደደረሰ መዳፍ ነው የሚያውቀው። መዳፍ ደግሞ የሚለምደው ከአንድ ጎበዝ ግንበኛ ጎን ቆሞ ወራት ሲሠራ ነው።

እንደሚሆን አይታችኋል። ኤርሻየር ያለው ደምፍሪስ ሃውስ የተባለው የመኳንንት ቤት በ2007 በ45 ሚሊዮን ፓውንድ ሲድን፣ ዕቃው በጨረታ ሊሸጥ ተጭኖ መንገድ ላይ ነበር፤ መኪኖቹ ከመንገድ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ግቢው የአካባቢው ወጣቶች ሙያ የሚማሩበት ሆኗል።

ለማቪስባንክም እንዲሁ አድርጉ። ከመጀመሪያው የሥራ ውል ጀምሮ የተለማማጅ ቦታ ይጻፍ፤ የሎንሄድ ልጆች ቅድሚያ ያግኙ፤ ደመወዝም ይከፈላቸው። ማስታወቂያው ኤድንብራ ቢሮ ብቻ ሳይሆን ሎንሄድ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች በር ላይ ይለጠፍ።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤድንብራ ነዋሪ