«እርስዎ» ማለት ምን ከለከለ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው ወር ለአክስቴ አርባ ከአዲስ አበባ ጅማ ወርጄ ነበር። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ፣ ሽቅቡን ወጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ የዋለ ሰው ውሃና አልጋ ነው የሚናፍቀው። ጅሬን ያለው የአክስቴ ቤት በዘመድ ስለሞላ ከተማ መሀል አንድ ሆቴል ገባሁ።

እንግዳ ተቀባይዋ «እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ። ብሩን ተቀበለች። መታወቂያዬን ሰጠኋት። ፆታ በሚለው ቦታ «ወንድ» ይላል። ስወለድ ወንድ ተብዬ የተመዘገብኩ፣ በሴትነቴ የምኖር ሰው ነኝ። ትራንስጀንደር የሚባለው ማለት ነው። ቀና ብላ አየችኝና «አንተ፣ እስቲ ቆይ» አለች።

መታወቂያዬን ለአስተናጋጁ አሳየችው። እሱ ለዘበኛው። ተሳሳቁ። ሥራ አስኪያጁ መጣና «አልጋ ሞልቷል» አለኝ። ከጀርባው ሰሌዳው ላይ ቁልፎች ተሰቅለዋል። ቆጠርኳቸው፣ 11 ናቸው። ብሬን በእጄ አልሰጠኝም፤ ባንኮኒው ላይ ወረወረው። አንዷ ኖት መሬት ወደቀች። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ጎንበስ ማለቴ ነው።

እንግዳ መመዝገብ ለጸጥታ ነው፣ አልቃወምም። ግን መታወቂያዬ የሰው መሳቂያ እንዲሆን የፈቀደ ማን ነው? በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋን የሚከለክለውን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 629 የሚጠቅስብኝ አይጠፋም። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። እኔ ደግሞ ብቻዬን ለማደር አልጋ የጠየቅኩ ሀዘንተኛ ነበርኩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሰው ክብርና የግል ሕይወት ይከበር ሲል እኔን ለይቶ አላወጣኝም።

«አንተ» ልበል ወይስ «አንቺ» ብላ ልጅቷ ተቸግራ ይሆናል። ይገባኛል። ግን አማርኛችን «እርስዎ» የሚል ቃል አለው። ይግቡ፣ ይፈርሙ፣ ቁልፍዎ ይኸው። ወንድ ሴት አይልም። ለማያውቁት እንግዳ ድሮም የሚባለው እሱ ነው።

ያን ማታ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ትንሽ ፔንሲዮን አገኘሁ። ሽማግሌው ጥበቃ መታወቂያዬን በባትሪ አይተው፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጻፉና መለሱልኝ። «ይግቡ፣ ሙቅ ውሃ አሁን አለ፤ ቆይቶ ይጠፋል» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ጠዋት ስወጣ «አካም ቡልቴ» አሉኝ። በኦሮምኛ የጠዋት ሰላምታ ሲሆን ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ብዬ መለስኩ። የአርባው ዳቦ የተቋጠረበትን ፌስታል ተቀብለው እስከ ባጃጁ ሸኙኝ።

ለሙት ዓመቷ እመለሳለሁ። አልጋ የምይዘው እሳቸው ዘንድ ነው።

ስሜ እንዳይወጣ እለምናለሁ።
ከአዲስ አበባ